ከቤይሩት ያመጣሁት ቶፊ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረጉት ንግግር)



በእጃችሁ ባለው የስድስት ወር ሪፖርት ውስጥ፣ ስለ ተዘዋዋሪ ብድር በተጻፈው ክፍል፣ «አንድ ብድር ሦስት ወር ዘግይቶ ተመልሷል» የሚል መስመር አለ። ያቺ ያዘገየችው እኔ ነኝ። ሰብሳቢያችን ስለ ከረሜላ አሠራር እንድናገር ሲጠይቁኝ «ዕዳውንም ጨምሬ ልናገር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሱን ካልተናገርሽ ምን ልትናገሪ ነው?» አሉኝ። ስለዚህ ሁለቱንም እናገራለሁ። መጀመሪያ አሠራሩን፣ ቀጥሎ ዕዳውን።

ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ቶፊ ይባላል። ቅቤና ስኳር አብሮ ፈልቶ፣ ትሪ ላይ ፈስሶ ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ቀጭ ብሎ የሚሰበር ከረሜላ ነው። በላዩ ቸኮሌት ይቀባና የተወቀጠ ኦቾሎኒ ይነሰነስበታል። ከዚህ ሌላ የተደበቀ ነገር የለውም። እቃው ጥቂት ነው። ቀላል ስለሚመስል ነው ብዙ ሰው ጀምሮ የሚተወው።

እኔ የተማርኩት ቤይሩት ነው። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ስለዚያ ቤት ሌላ የምናገረው አለኝ፣ ግን የዛሬው ርእስ ከረሜላ ነው። ማዳም በየዓመቱ ለፈረንጆቹ ገና ለዘመድ ሁሉ በቆርቆሮ ሣጥን የምትልከው ቶፊ ነበር። በለውዝ ነበር የምትሠራው። አዲስ አበባ ውስጥ ለውዝ የምንለው ኦቾሎኒውን ስለሆነ እንዳይምታታባችሁ፣ እሷ የምትጠቀመው ትክክለኛውን ለውዝ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት እሷ ሠራች፣ እኔ ድስት አጠብኩ። በሁለተኛው እኔ አማሰልኩ፣ እሷ ቴርሞሜትሩን ተመለከተች። ከሦስተኛው ጀምሮ እኔው ሠራሁት፣ እሷ ሣጥኑ ላይ ሪባን አሰረች። ቴርሞሜትሩ 149 ዲግሪ ሲል ከእሳት ማውረድ፣ ትሪ ላይ ማፍሰስ ነው። አንድም ቀን ተበላሽቶብኝ አያውቅም።

ስመለስ ቴርሞሜትሩን ይዤ መጣሁ። አሠራሩን ደግሞ በአማርኛ በደብተሬ ጽፌ ነበር። አገሬ ገብቼ ምን ልሥራ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሻንጣዬ ውስጥ ያለ መሰለኝ።

እዚህ የመጀመሪያውን ስሠራ ቅቤው ተለይቶ ከላይ ተንሳፈፈ። ሁለተኛው ከታች አረረ። ሦስተኛው ልጄ ጥርሷን እንዳትሰብር የነጠቅኳት ነው። ቅቤውን ጠረጠርኩ፣ ለወጥኩት። ስኳሩ የተቀላቀለ ነገር አለው ብዬ ሌላ ሱቅ ሄድኩ። ድስቱንም ከጎረቤት ተውሼ ሞከርኩ። ሰባት ጊዜ ከሠራሁ በኋላ ደብተሩን ዘግቼ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ያን ጊዜ በውስጤ ያልኩትን ልንገራችሁ። «እዚያ የቻልኩት ማዳም አጠገቤ ስለነበረች ነው፣ ብቻዬን አልችልም» ነው ያልኩት። ይኸ ነገር አንድ ዓመት ያህል አብሮኝ ኖረ።

ያስተማረችኝ ልጄ ናት። የሳይንስ ትምህርቷን እያጠናች ሳለ «እማዬ፣ ውሃ እኛ አገር በ100 ዲግሪ አይፈላም» አለችኝ። እኔ ደግሞ ውሃ የትም በ100 እንደሚፈላ ነው የማውቀው። ተከራከርን። ቴርሞሜትሩን ከሣጥን አውጥታ ውሃ ጣደች። እየተንፈቀፈቀ ነው፣ ቴርሞሜትሩ ግን 92 ላይ ቆሟል። እሳት ጨመርንበት፣ አልተነቃነቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ቶሎ ይፈላል። የማዳም ቤት ደግሞ መስኮቱን ስትከፍቱት ባሕሩ ይታያል። ስኳርና ቅቤ ሲፈላ ቴርሞሜትሩ የሚነግረን በድስቱ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ ነው፤ ውሃው እየተነነ ባለቀ ቁጥር ሙቀቱ ከፍ ይላል። ቤይሩት 149 ላይ የሚቀረው ውሃ እዚህ 141 ላይ ነው የሚቀረው። እኔ ግን 149 እስኪል ድረስ ቆሜ ስጠብቅ ነበር። ቅቤውን ከስኳሩ ጋር አያይዞ የሚያቆየው ያ ትንሽ ውሃ ሲያልቅ ቅቤው ይለያል፣ ስኳሩ ድንጋይ ይሆናል፣ የድስቱ ሥር ያርራል። ሰባቱም ጊዜ የሆነው ይኸው ነው።

በማግሥቱ 141 ላይ አወረድኩት። ወጣ። ድስቱን ይዤ ቆሜ አለቀስኩ፣ ልጄ ያቃጠለኝ መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠች።

ስለዚህ ከዚህ ንግግር ሌላው ቢረሳችሁ ይህን ያዙልኝ። ማንኛውንም የስኳር ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቴርሞሜትራችሁን በሚፈላ ውሃ ውስጥ አስገቡና ቁጥሩን ጻፉ። ከ100 የጎደለውን ያህል ከመጽሐፉ ወይም ከስልኩ ላይ ካገኛችሁት ቁጥር ቀንሱ። በኔ ቤት 8 ነው። ደብረ ብርሃን ያለች እህት 9 ወይም 10 ትቀንሳለች፣ ድሬዳዋ ያለችው 4 ያህል ይበቃታል። ይህ አሠራር የቴርሞሜትሩንም ስሕተት አብሮ ያርማል፣ ርካሾቹ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይዋሻሉና። አንድ ነገር ግን ልጨምር። የከረሜላው መጥቆር የሚመጣው ከሙቀቱ ነው፣ ከውሃው ማለቅ አይደለም። ስለዚህ የኛ ቶፊ ከቤይሩቱ ትንሽ ፈካ ይላል። ጠቆር ያለ የሚወድ ደንበኛ ካላችሁ ሁለት ዲግሪ ማሳለፍ ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ግን አትድፈሩ።

ቴርሞሜትር የሌላት ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ ታቅርብ። ከሚፈላው ጠብታ ውሃው ውስጥ ጣል ታድርግ። በጣት ሲይዙት የሚለጠጥ ከሆነ ገና ነው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ይህ የጥንት ዘዴ የትም ከፍታ ላይ አይዋሽም።

አሁን መጠኑን ልናገር፣ የምትጽፉ ጻፉ። የገበታ ቅቤ 225 ግራም፣ ስኳር 200 ግራም፣ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ማር አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ። ከላይ የሚሆነው ቸኮሌት 150 ግራም፣ ተቆልቶ የተወቀጠ ኦቾሎኒ 150 ግራም። ማሩ ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ ስኳሩ ተመልሶ አሸዋ እንዳይሆን ይከለክላል። ቅቤው የግድ የገበታ ቅቤ ይሁን። የኛን የተነጠረ ቅቤ ሞክሬዋለሁ። ቅመሙን ብንተወው እንኳ ሲነጠር ውሃውና የወተቱ ነገር ስለሚወጣ ከስኳሩ ጋር አይያያዝም። ማርጋሪን የሚጠቀሙ አሉ። ይረጋል፣ ግን ቶፊ ነው ብዬ አልሸጠውም።

ድስቱ ሥሩ ወፍራም ይሁን። እሳቱ መካከለኛ ሆኖ ቅቤው እስኪቀልጥ፣ ስኳሩ እስኪሟሟ በቀስታ አማስሉ። በድስቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የስኳር ፍሬ ካለ በእርጥብ ብሩሽ ጥረጉት፣ አንዲት ፍሬ ብትወድቅ ሁሉንም አሸዋ ልታደርገው ትችላለች። ከዚያ በኋላ እሳቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ የለም። ቅቤው መለየት ከጀመረ ከእሳት አውርዱና እያማሰላችሁ አንድ ማንኪያ ትኩስ ውሃ ጨምሩ። ይንጣጣል፣ ፊታችሁን አርቁ። ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ከ130 በኋላ ስልክ ቢጠራ አታንሱ፣ የሚቀረው የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

ስለ ቃጠሎ ሳልናገር አላልፍም። ትኩስ ስኳር እንደ ፈላ ውሃ ጠብ ብሎ አይወርድም፣ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሕፃናት ኩሽና አይግቡ፣ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ፣ ቀዝቃዛ ውሃ በሳህን አጠገባችሁ ይኑር። ካቃጠላችሁ ሃያ ደቂቃ ሙሉ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ያዙት። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ይህ የግራ እጄ ጠባሳ የጥርስ ሳሙና የቀባሁበት ነው፣ የቀኙን ውሃ ሥር ስለያዝኩት ምልክቱ እንኳ የለም።

ቸኮሌቱን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። የቸኮለች ሴት ቶፊው ትኩስ እያለ የተከተፈ ቸኮሌት ትበትንበታለች፣ አምስት ደቂቃ ቆይታ በማንኪያ ጀርባ ትቀባዋለች። ለቤት ይህ ይበቃል። ለሽያጭ ግን በሳምንቱ ነጭ ነጭ ይወጣበታል። ደንበኛው ሻጋታ ይመስለዋል። የካካዎው ቅባት ነው፣ አይጎዳም፣ ግን ቆሞ ማስረዳት አይቻልም። እንዳይወጣ ከተፈለገ ከቸኮሌቱ ሁለት እጁን ሳህን ውስጥ አድርጎ፣ ሳህኑን በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ አስቀምጦ ማቅለጥ ነው። ከ50 ዲግሪ አይለፍ። ከእሳት አውርዳችሁ የቀረውን አንድ እጅ ከትፋችሁ ጨምሩና ቴርሞሜትሩ 31 ወይም 32 እስኪል አማስሉ፤ ይህ ለጥቁሩ ቸኮሌት ነው፣ ወተት ያለበት ወደ 30 ይወርዳል። ከዚያ በቀዘቀዘው ቶፊ ላይ ትቀቡታላችሁ። አንዲት ጠብታ ውሃ ከገባችበት እንደ ጭቃ ይቋጠራል፣ ማንኪያችሁ ደረቅ ይሁን። በዚህ በኩል አዲስ አበባ ታድለናል፣ አየሩ ቸኮሌት ለማርጋት የተሠራ ነው የሚመስለው። ክረምት ግን እርጥበቱ ቶፊውን ያጣብቀዋል፣ እንደቀዘቀዘ ወዲያው በላስቲክ ማሸግ ነው።

በፈረንጆቹ 2024 ዓ.ም. የካካዎ ዋጋ በዓለም ገበያ በቶን ከ10,000 ዶላር በላይ ከወጣ ወዲህ ሱቁ ሁሉ ቸኮሌት የሚመስል፣ የካካዎ ቅባቱ በሌላ የአትክልት ቅባት በተተካ ነገር ተሞልቷል። ለአሠራር ይቀላል፣ ነጭም በቀላሉ አይወጣበትም። እኔም ለርካሹ ከረጢት እጠቀምበታለሁ። ግን ከረጢቱ ላይ ቸኮሌት ብዬ አልጽፍም።

የጾሙን ነገር እናንተው ታውቁታላችሁ። ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ሌላውም ተጨምሮ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ የቅቤ ቶፊ የማይገዛ ደንበኛ አለኝ። ለእነዚህ ቅቤ የሌለበት እሠራለሁ። ስኳር 400 ግራም፣ ውሃ ግማሽ ኩባያ፣ ማር አንድ ማንኪያ፣ ጨው። እዚህ 142 ሲደርስ የተቆላ ኦቾሎኒ 300 ግራም፣ ዘይት አንድ ማንኪያ፣ በመጨረሻ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ። ሶዳው አረፋ አስነስቶ ውስጡን ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሚያደርገው ለመንከስ ይቀላል። ወተት የሌለበት ጥቁር ቸኮሌት ይቀባል። ሌላ ችግር አለ። የገና ትእዛዝ የሚሠራው በነቢያት ጾም ነው፣ ስለዚህ የቅቤውን ቶፊ የምሠራው እኔ ልቀምሰው አልችልም። ሙስሊሟ ጎረቤቴ ናት የምትቀምስልኝ። በረመዳን ደግሞ ለዒድ የምትጋግረውን እኔ እቀምስላታለሁ።

እንግዲህ ወደ ዕዳው።

ኦቾሎኒ መቁላት ለኛ አዲስ አይደለም። ቆሎ የቆላች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። እሳቱ ለስለስ ብሎ፣ ሳይቋረጥ እየተገላበጠ፣ ሽታው ሲመጣ ማውረድ ነው። በእጅ ታሽቶ ገለፈቱ በሰፌድ ይበጠራል። የማናውቀው፣ ቢያንስ እኔ የማላውቀው፣ ከመቁላት በፊት ያለውን ነበር። በአንድ የቅዳሜ ትምህርታችን የመጡ የምግብ ባለሙያ ስለ አፍላቶክሲን ነገሩን። ኦቾሎኒ በማሳው ላይ ድርቅ ሲመታው ወይም ሳይደርቅ ሲከማች ሻጋታ ይይዘዋል። ከሻጋታው የሚወጣው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ ለረጅም ጊዜ ሲበሉት የጉበት ካንሰር ያመጣል። መቁላት አያጠፋውም። መፍላትም አያጠፋውም። መርዙ ራሱ አይታይም። የሚታየው ምልክቱ ነው። ቀለሙ የተለወጠ፣ የተጨማደደ፣ የተሰበረ፣ የጠቆረ፣ ሲቀምሱት የሚመር ፍሬ።

ያን ቀን ቤቴ የሄድኩት እግሬ እየከበደኝ ነው። ምክንያቱም በፊተኛው ዓመት ስብርባሪ ኦቾሎኒ በርካሽ ገዝቼ ነበር። ይመር ነበር። በሙቀጫ አድቅቄ ቸኮሌት ስቀባበት ምሬቱ ጠፋ። እንዲያውም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። የሸጥኩት ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። ማን እንደበላው አላውቅም።

ባለፈው ኅዳር ከማኅበራችን የወሰድኩት ብድር ለገና ትእዛዝ ነበር። 120 ከረጢት ነው የታዘዝኩት። ከብድሩ አብዛኛውን የባቢሌ ኦቾሎኒ ነው ተብሎ 50 ኪሎ በጆንያ ገዛሁበት። የባቢሌ ኦቾሎኒ ስሙ የታወቀ ነው፣ ፍሬው ጥሩ ነው፣ ጆንያውም ከላይ ሲከፈት የሚያምር ነበር። ቤት አምጥቼ ስገለብጠው ከመሐሉ ጀምሮ ሌላ ነው። ከልጄ ጋር ሁለት ሌሊት በሰፌድ ለቀምን። የተበላሸው 11 ኪሎ ሆነ። ሻጩ ጋ ሄድኩ። ከቤቴ የወጣን ዕቃ አልመልስም አለኝ። ከዚያ ደግሞ እንደ ሚመክር ሰው ቀረብ ብሎ «ምን አስጨነቀሽ፣ ቸኮሌቱ ይሸፍነዋል» አለኝ። እኔ ያደረግኩትን ማን ነገረው ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው።

ባለሙያዋን በስልክ ጠየቅኋቸው። መልቀም በጣም ይጠቅማል፣ አብዛኛው መርዝ በተበላሹት ፍሬዎች ውስጥ ነው አሉ። ነገር ግን ከአምስት አንዱ እንዲህ የሆነ ጆንያ የቀረውም ደህና ለመሆኑ ዋስትና የለውም፣ ለሕፃናት የሚሆን ነገር አትሥሪበት አሉኝ። 39 ኪሎው ዓይን ሲያየው ንጹሕ ነበር። አንድ ሌሊት ሙሉ አየሁት።

ለዶሮዎቼ ስጪኝ ያለችኝ ጎረቤት ነበረች። ከብት ያላቸውም መጡ። መርዙ ወደ ወተት እንደሚያልፍ ሰምቻለሁ፣ አልሰጠሁም። ከግቢው ጀርባ ጉድጓድ አስቆፍሬ ቀበርኩት። ያቺ ጎረቤቴ ከምሰጣት መቅበር መረጠች ብላ እስከ ጥምቀት አላነጋገረችኝም፣ አልፈርድባትም። ለደንበኛው የሆነውን ነገርኩት። በቀረኝ ገንዘብ ሰሊጥ ገዝቼ 45 ከረጢት በሰሊጥ ሠራሁለት። የቀረውን ሰረዘው። ለምን እንደሰረዘ ይገባኛል፣ እሱም ሠራተኞቹ የሚጠብቁት ነገር ነበረው።

ቡድናችን ፊት ቀርቤ የወር ክፍያ መክፈል አልችልም ስል ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ «ሸጠሽው ቢሆን ኖሮ በጊዜ ትከፍዪን ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ፣ እከፍል ነበር። ሪፖርቱ ላይም ያ መስመር አይኖርም ነበር። ሦስት ወር ሰጡኝ፣ ቅጣቱን አነሱልኝ። ሰሊጡ ደግሞ ሳልጠብቀው ደንበኛ አገኘ። ዛሬ ከሽያጬ ወደ ሲሶው ሰሊጥ ነው። ኦቾሎኒ አሁን የምገዛው በአምስት ኪሎ በአምስት ኪሎ ነው። ሻጩ ፊት ከጆንያው መሐል ዘግኜ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግቼ፣ ቀምሼ ነው የምከፍለው። በኪሎ ይወደድብኛል። ይወደድ።

ስለ ሂሳብ አጭር ነገር ልበል። ሰብሳቢያችን አንድ ወር ሙሉ ሁሉንም በደብተር ጻፊ ብለውኝ ነበር። እስከዚያ ድረስ ወጪ የምለው ስኳር፣ ቅቤና ቸኮሌት ብቻ ነበር። ጋዙ፣ ላስቲኩ፣ ታክሲው፣ የተሰበረው፣ ልጆች የበሉት፣ ተለቅሞ የተጣለው ኦቾሎኒ ሲደመር ከ100 ብር ሽያጭ 94 ብሩ ወጪ ሆኖ ተገኘ። ለካ በቀን አምስት ሰዓት ቆሜ ከ100 ብር ሽያጭ የሚቀረኝ 6 ብር ነው። ዋጋ ጨመርኩ። ጥቂት ደንበኛ ሄደ፣ አብዛኛው ቀረ።

በመጨረሻ ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር አለኝ። ለከረሜላ ሥራው ትልቅ የኤሌክትሪክ ማብሰያ ልትገዙልን ማሰባችሁን ሰምተናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን ሥራ የምንሠራ ስድስት ሴቶች ተመካክረን ግን ሌላ ብንለምን ይሻላል ብለናል። መብራት 130 ዲግሪ ላይ ከጠፋ ትልቁ ማብሰያ የሚያበላሸው የስድስታችንን ስኳርና ቅቤ በአንድ ጊዜ ነው። በየቤታችን ጋዝ ላይ መሥራት ይሻለናል። የምንፈልገው ስድስት ቴርሞሜትር፣ ስድስት ሚዛንና ሥራቸው ወፍራም የሆነ ስድስት ድስት ነው። ከማብሰያው ዋጋ የሚተርፈው በማኅበሩ ሣጥን ይቀመጥ፣ ከመካከላችን የአንዷ ኦቾሎኒ ተበላሽቶ ሲገኝ ሳትሸጠው እንድትቀብረው የሚያስችላት ገንዘብ ይሁን። ለመጣያ የሚሆን ገንዘብ ሪፖርት ላይ በምን ስም እንደሚጻፍ አላውቅም። ሰብሳቢያችን ያውቁበታል።

በግራ ያለው ትሪ የቅቤ ነው፣ በቀኝ ያለው የጾም፣ መካከለኛው ሰሊጥ። ኦቾሎኒ ሰውነታችሁን የሚያስቆጣችሁ ካላችሁ ሦስቱንም አትንኩ፣ የተሠሩት በአንድ ኩሽና ነው። ለእናንተ ዳቦ አለ። ጥያቄ ካለ ቡናው እስኪቀዳ እዚሁ ነኝ።